ትል ወይስ አፈር፦ የዝሆኔ ምርመራ በጎጃም ደጋ

በግምጃ ቤት፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ የተዘረጋው የአዊ ደጋ እሳተ ገሞራ የሠራው አገር ነው፤ ዘንገና ሐይቅ ያረፈበት ጉድጓድም የዚያው ሥራ ነው። ከእንዲህ ያለው ድንጋይ የወጣውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከሚረግጡ ሰዎች መካከል በዘር ተጋላጭ የሆኑት እግራቸው ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳቸውም ይሻክራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በቆላ ደግሞ ቢምቢ የምታስተላልፈው ዉቸሬሪያ ባንክሮፍቲ የተባለ ጥገኛ ትል ተመሳሳይ እብጠት ያመጣል። የትሉ መድኃኒት አፈር ላመጣው እብጠት አይረዳም፤ አፈር ያመጣው የሚፈልገው እግርን መታጠብና ጫማ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ለሕመምተኛው ትልቅ ነገር ነው።

ለረጅም ጊዜ መለያው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር። የትሉ እጮች በብዛት ወደ ቆዳ ዳር ደም የሚወጡት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ ደም የሚቀዳው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነበር። ይህም ሁሉ ተደርጎ እግሩ ካበጠ በቆየ ሰው ደም ውስጥ እጭ ብዙ ጊዜ አይገኝም። እጭ መታጣቱ ብቻውን ትል አልነበረም አያሰኝም።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሌላ መንገድ ያዘ። በሕመምተኞች ብሽሽት ዕጢዎች ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች አገኘ፤ በሽታውንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው። መንስኤው በዚህ ቢታወቅም፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ትል አለመኖሩን የሚያረጋግጥ መሣሪያ ገና አልነበረም።

መሣሪያው የመጣው ከውሻ በሽታ በኩል ነው። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ተመራማሪው ጋሪ ዌይልና ባልደረቦቹ የውሻን የልብ ትል ለመለየት ያዘጋጁት ፀረ እንግዳ አካል፣ የዉቸሬሪያ ጎልማሳ ትል ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲንም ያዘ። ይህ ፕሮቲን ቀንም ሌሊትም ደም ውስጥ ስለሚዘዋወር የሌሊቱ ምርመራ ቀረ። ምርመራው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በካርድ መልክ ቀረበ፤ ከጣት ጫፍ 100 ማይክሮ ሊትር ደም ተወስዶ ካርዱ ላይ ይደረግና 10 ደቂቃ ይጠበቅ ነበር። አንድ መስመር ብቻ ከታየ ካርዱ ሠርቷል፣ የትሉ ፕሮቲን ግን አልተገኘም፤ ሁለት ከታየ ተገኝቷል። ንባቡ ከዘገየ የሌለ መስመር ብቅ ሊል ስለሚችል ሰዓት መጠበቅ ግድ ነበር።

ካርዱ ከሞተ የቆየ ትል አያሳይም ነበር። ይህን ክፍተት የሚሞላው ደብልዩ ቢ 123 የተባለው የትሉ ፕሮቲን ነው፤ የሚፈለገው ፕሮቲኑ ራሱ ሳይሆን ሰውነት በእሱ ላይ ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ የዝሆኔ ካርታ ጥናት ሁለቱም ሥራ ላይ ዋሉ። ከተመረመሩት 129,959 ጎልማሶች 4 በመቶው ፖዶኮኒዮሲስ እንዳለባቸው ታወቀ። የትል ፕሮቲን በደጋ ካበረከተው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ በትል ያልመጣውን በሽታ ለይቶ አወጣ።

በቆላው የአገሪቱ ክፍል ግን የትል ፕሮቲን ሥራ ትሉን ራሱን መፈለግ ነበር። በፈጣን ወንዞች ዳር ጥቁር ዝንብ የሚያስተላልፈው ኦንኮሰርካ ቮልቩለስ የተባለው ትል የሚያሳክክና ዓይን የሚያጠፋ ነው። ቀድሞ ከዳሌ አካባቢ ጥቂት ቆዳ ተቆርጦ በጨው ውኃ ውስጥ እጭ እስኪወጣ ይጠበቅ ነበር። ኦ ቪ 16 የተባለው የዚህ ትል ፕሮቲን በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆነ በኋላ በጥቂት ጠብታ ደም የሚደረግ ምርመራ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የበሽታውን መድኃኒት ኢቨርሜክቲንን ማደል እንዲቆም ከ10 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት በዚህ ፕሮቲን ላይ ፀረ እንግዳ አካል የሚገኝባቸው ከ0.1 በመቶ ማነስ አለባቸው። በኢትዮጵያ መተማና በሱዳን ገላባት የተደረገው ምርመራ ይህን መስፈርት አሟላ፤ ሁለቱ አገሮችም በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በድንበር ላይ ተቀናጅተው የበሽታውን መተላለፍ አቋረጡ።