ሞተር ሳይክል በደቡብ ወሎ ደጋ

ሞተር ሳይክል (በተለምዶ ሞተር) በሁለት ጎማ የሚሄድ፣ በሞተር ኃይል የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ነው። ነጂው ሞተረኛ ይባላል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በሳይንትና በመቅደላ ዙሪያ፣ ሞተር ከመዝናኛ ይልቅ የሥራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የሚነዳውን የሞተር ዓይነት የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ምርጫው ሳይሆን መንገዱ፣ ሥራውና በአቅራቢያው የሚገኘው መለዋወጫ ነው። ይህ ጽሑፍ ከአንድ ዓይነት ሞተር ወደ ሌላው መሸጋገር በነጂው ላይ የሚያመጣውን ለውጥና ከዚሁ ጋር የተያያዘውን የሞተረኞች መረዳዳት ይመለከታል።

መልክዓ ምድር

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ የሚመጣው መንገድ በአቀስታ አድርጎ የለጋምቦን ደጋ ያቋርጣል። ከመካነ ሰላም በስተምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አለ። አገሩ ለጎማ እንደማይመች አጼ ቴዎድሮስም ያውቁት ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በ1860 ዓ.ም. ሠራዊታቸው በየሸለቆው መንገድ እየቆፈረ መሄድ ነበረበት።

ከፍታው በሞተሩ ላይም ይታያል። በ2600 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በፋብሪካው ወረቀት 12 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ አየሩ ሳስቶ ነዳጁ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይበዛል። መፍትሔው ጂግለር የሚባለውን የነዳጅ ማሳለፊያ ጠበብ ባለ ቀዳዳ መለወጥ ነው። ብዙ ሞተረኞች ግን ሳይለውጡት ካንዴላውን ብቻ እየፈቱ በመጥረግ ይኖራሉ።

የሞተር ዓይነቶች

በኢትዮጵያ ገጠር ለረጅም ጊዜ የታወቁት የጃፓን ሥራ የሆኑት ያማሃ ኤጂ 100፣ ያማሃ ዲቲ 125ና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ናቸው። በብዛት የሚነዷቸውም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች ነበሩ፤ የግብርና ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የክትባት ሣጥን የሚያደርስ የጤና ሠራተኛ። ኤጂ 100 በስሙ እንደሚታወቀው ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ በግራም በቀኝም የሚቆምበት እግር ስላለው በዳገት ጥግ ላይ ለማቆም ይመቻል፤ ሰንሰለቱም ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ይህ ሽፋን ለደጋ አገር ትልቅ ነገር ነው። ጭቃ ሰንሰለቱን አይበላውም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጋቢ ወይም ብርድ ልብስም ሰንሰለቱ ውስጥ አይገባም።

ከእነዚህ በኋላ በርካሽ ዋጋቸውና በነዳጅ ቁጠባቸው የተስፋፉት እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉት የህንድ ሞተሮች ናቸው። የተሠሩት ለከተማና ለደኅና መንገድ ነው፤ ወንበራቸው ረጅምና ዝቅ ያለ በመሆኑ ሰው ለመጫን ይመቻል። ባጃጅ የሚባለው ባለ ሦስት እግር ታክሲ ስሙን ያገኘው ከህንዱ አምራች ኩባንያ ሲሆን በከተሞች ውስጥ ያገለግላል።

ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መሸጋገር

ሁለት ጎማ ያለው ሁሉ አንድ ይመስላል። አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። ከጃፓን ትሬይል ወደ ህንድ ሞተር የሚዞር ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የማርሽ ጉዳይ ነው። በትሬይሎቹ አንደኛ ማርሽ ወደ ታች ተረግጦ ሌሎቹ በእግር ጣት ወደ ላይ እየተነሡ ይገባሉ። ከህንድ ሞተሮች በአንዳንዶቹ ግን ሁሉም ማርሽ የሚገባው ወደ ታች በመርገጥ ነው። እግር የለመደውን ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ለመቀነስ አስቦ በልማዱ ወደ ታች የሚረግጥ ሰው ማርሹን ይጨምረዋል፤ ሞተሩ ይለቀዋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሜዳ ላይ ይህ ስሕተት ከማሳቅ አያልፍም። ወደ ዓባይ በሚወርድ ጠመዝማዛ ላይ ግን ሰው ያጠፋል።

ሁለተኛው ልዩነት የሞተሩ አሠራር ነው። ኤጂ 100ና የቆዩት ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ናቸው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ጎማውን እምብዛም አይዝም፤ ባለ አራት ምት ግን በዝቅተኛ ማርሽ ራሱ ፍሬን ይሆናል። በባለ ሁለት ምት ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ክብደቱን በፍሬን ላይ ይጥላል፤ የፍሬን ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። ሌላም ችግር አለ። በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከነዳጁ ጋር ነው፤ በኤጂ 100ም የዘይቱ ፓምፕ ከነዳጅ መስጫው ጋር ተያይዟል። መስጫውን ዘግቶ ሞተሩን በከፍተኛ ዙር እያስጮኸ ለረጅም ጊዜ የሚወርድ ሰው ፒስተኑን ዘይት ያስጠማዋል፤ ሊነክስም ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ነጂ በየመሀሉ ነዳጅ ሰጥቶ ይለቃል። ማርሽ ካሳነሰ በኋላ ሞተሩን አምኖ መውረድ የሚቻለው ወደ ባለ አራት ምት ሲሸጋገር ነው፤ በዚህ ረገድ ርካሹ የህንድ ሞተር ከውዱ ትሬይል ይሻላል ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ የዘይት እንክብካቤው ይከብዳል። ባለ ሁለት ምት የለመደ ሰው ዘይት ማለት ሲያልቅ የሚጨመር ነገር ነው ብሎ ያስባል። በባለ አራት ምት ሞተር ያው ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን አንድ ላይ ያገለግላል፤ እየዋለ ይቆሽሻል፣ ተደፍቶ በአዲስ መተካትም አለበት። ጋራዥ ርቆ በሚገኝበት ወረዳ ሞተር ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የጎማውም ነገር አለ። በክረምት ዋልካ አፈር ሲበጠበጥ ጭቃው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ይጠቀጠቃል። የትሬይል መከላከያ ከጎማው ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ጭቃው ይወድቃል። በህንድ ሞተር ላይ ግን ጎማው ተይዞ መዞር ያቆማል፤ ነጂው ወርዶ በእንጨት ይፈለቅቃል፣ ትንሽ ሄዶ እንደገና ይፈለቅቃል።

ከሞተር ወደ ባጃጅ መሸጋገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። መሪው የሞተር መሪ ይምሰል እንጂ ማርሹ የሚቀየረው በግራ እጅ መያዣ ነው፣ ፍሬኑም በእግር ነው። ከሁሉም በላይ ባጃጅ አይጋደልም። ሞተረኛ ኩርባ ላይ ሞተሩን ወደ ውስጥ አጋድሎ ያልፋል፤ ባጃጅ በዚያው ፍጥነት ከታጠፈ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ዘዋሪው ሞተር የለመደ ከሆነ ሰውነቱ መጋደልን ይጠብቃል፣ ተሽከርካሪው ግን አይሰማውም።

የሞተረኞች መረዳዳት

በአውሮፓና በአሜሪካ ሞተረኞች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ያነሣሉ፤ ማኅበራቸውም ብዙ ጊዜ በሞተር ዓይነት የተከፋፈለ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሰላምታው አለ፤ የመረዳዳቱ ዋና ምክንያት ግን ችግር ነው። ጎማ የተነፈሰበትን ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ጎሚስታ ሳይሆን ሌላ ሞተረኛ ነው። ነዳጅ ላለቀበት መስጠትም ቀላል ነው፤ ካርቡራተር ባለው ሞተር ከነዳጅ ጋኑ የሚወርደውን ቀጭን ጎማ ነቅሎ ሃይላንድ ውስጥ መክፈት ይበቃል፣ ቤንዚኑ ራሱ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሞተር ዓይነት ትርጉሙ ይለወጣል። በአንድ ወረዳ ያሉ ሞተረኞች አንድ ዓይነት ሞተር ሲነዱ የአንዱ የፍሪሲዮን ገመድ ለሌላው ይሆናል፤ ካንዴላ ይዋዋሳሉ፤ የሞተረኛውን ሞተር ድምፅ ሰምቶ ምን እንደጎደለው የሚነግር ሰው አይታጣም። የህንድ ሞተሮች በገጠር ሥር የሰደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ዋጋቸው ብቻ አይደለም። በአካባቢው ማንም የሌለውን ሞተር የገዛ ሰው ይቆሙለታል፣ ይገፉለታል፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለው ዕቃ ግን አይሆነውም። መለዋወጫው ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሞተሩ ቤት ይቆማል። ስለዚህ ሞተር መቀየር የግል ውሳኔ ቢመስልም ሰውየውን ከሚረዳዱት ሰዎች ጋር የሚያቀራርብ ወይም የሚያርቅ ነው።

ሕግና ደኅንነት

የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ራሱን የቻለ ምድብ አለው። ነጂው የራስ ቁር እንዲያደርግም ሕግ ያዛል። በዓለም አቀፍ ጥናቶች ስብስብ መሠረት የራስ ቁር በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ በራስ ላይ ጉዳት የመድረስን ዕድል በ69 በመቶ ይቀንሳል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የራስ ቁር የለውም፤ ነጂው የሚይዘው አንድ ብቻ ነውና።

በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ተከልክሏል። የከተማው አስተዳደር የሰጠው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር። እገዳው በሞተር እንጀራቸውን የሚያገኙ ወጣቶችን ሥራ አሳጥቷል።

የኤሌክትሪክ ሞተር

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው በከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ማርሽ የሌላቸው በመሆኑም ብዙዎቹን ለመልመድ ቀላል ነው። ለደጋው የሚያስቸግረው ባትሪው ነው። ዳገት ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል፣ በየገጠሩ መሙያ የለም፤ መንገድ ላይ ላለቀበትም እንደ ቤንዚን በሃይላንድ ቀድቶ መስጠት አይቻልም።