የየቀኑ ኳስ፣ የእሁዱ ጡጫ

ዛሬ የማወጋችሁ ከሰባት ሺህ በሚበልጡ ደሴቶች ላይ ስለሚኖር ሕዝብና ስለ ሁለት ፍቅሮቹ ነው። ሕዝቡ ፊሊፒናውያን ናቸው፤ ፍቅሮቹ ቦክስና ቅርጫት ኳስ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እየያዛችሁ ተከተሉኝ።

ማኒላ በትራፊክ መጨናነቅ ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት። ጂፕኒ የሚሏቸው ባለ ብዙ ቀለም የሕዝብ ማመላለሻዎች፣ አውቶቡሶችና ሞተር ሳይክሎች ከንጋት እስከ ሌሊት መንገዱን ሞልተው ይውላሉ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በዓመት አንድ ሁለቴ የሚመጣ እሁድ ነበር፤ በዚያ እሁድ ረፋዱ ላይ መንገዱ ጭር ይላል። ላስ ቬጋስ ገና ቅዳሜ ማታ ነው፤ እዚያ ቦክሰኛው ማኒ ፓኪያው ጓንቱን እያጠለቀ ነው።

ሰዉ የት ገባ? ገንዘብ ያለው ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ ተቀምጧል። ሌላው ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ አፍጧል። የቤቱ ቴሌቪዥን ግን በማስታወቂያ እየተቆራረጠ፣ ዘግይቶ ነው የሚያሳየው፤ ሬዲዮው በቀጥታ ያስተላልፋል። ስለዚህ አንዱ ቤት ገና ሦስተኛው ዙር ላይ እያለ ከጎረቤት ሬዲዮ የድል ጩኸት ይሰማል። ያም ሆኖ ማንም አይነሳም፤ ውጤቱን እያወቀ እስከ መጨረሻው ያያል። ድሃው ሰፈር ደግሞ ባራንጋይ የሚሉት የቀበሌ አስተዳደር በተከለለት ትልቅ ስክሪን ፊት ላብ በላብ ሆኖ ተሰብስቧል። ፖሊስ በእነዚያ ሰዓቶች ወንጀል እንደሚቀንስ ደጋግሞ ተናግሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ስክሪን የተተከለበት ቦታ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሁለቱም ጫፍ ቅርጫት የተንጠለጠለበት። ሰፈሩ ስብሰባ ሲኖረው እዚያ ነው፤ ክትባት ሲሰጥ እዚያ ነው፤ አውሎ ነፋስ ቤቱን ያፈረሰበት ሰው የሚጠለለውም እዚያ ነው። ቦክሱም በእንግድነት የሚገባው እዚያው ነው።

የሩቅ ሰው ፊሊፒንስ ሲባል ፓኪያውን ያስባል፤ ስለዚህ የአገሩ ቀዳሚ ስፖርት ቦክስ ይመስለዋል። የአገሩን ሕግ ብትጠይቁ ሌላ ይላችኋል፦ በ2009 የወጣው ሕግ ብሔራዊ ስፖርት ብሎ የሰየመው በዱላ የሚካሄደውን አርኒስን ነው። መንገዱን ብትጠይቁ ግን መልሱ አንድ ነው፤ ቅርጫት ኳስ። በኮኮናት ግንድ ላይ በምስማር የተመታ ቅርጫት፣ ከአርማታ ብረት የተጠማዘዘ ቅርጫት፣ በጠባብ መተላለፊያ ላይ የተሰቀለ ቅርጫት። ሕፃናቱ በነጠላ ጫማ ይጫወታሉ፤ ነጠላ ጫማ የሌለው በባዶ እግሩ። በዱባይ ወይም በዶሃ የሠራችሁ የአገሬ ልጆች ካላችሁ፣ ፊሊፒናውያን ባልደረቦቻችሁ በዕረፍት ቀናቸው ማልያ አሠርተው ወዴት እንደሚሄዱ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ሁለቱም ጨዋታዎች በአንድ መርከብ መጡ ማለት ይቻላል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የገዛችው ስፔን በ1898 ስትወጣ አሜሪካ ገባች። ወታደሮቿ ጡጫውን ይዘው መጡ፤ አስተማሪዎቿና የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ኳሱን። ኳሱ መጀመሪያ በየትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች ጨዋታ ነበር፤ ወንዶቹ ቀምተው የራሳቸው አደረጉት። በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ፊሊፒንስ በቅርጫት ኳስ አምስተኛ ወጣች። በ1954 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ በወንዶች ከእስያ ያን ያህል የደረሰ አገር የለም። አንድ ሕዝብ ይህን የመሰለ ዘመን ካየ በኋላ ከጨዋታው አይላቀቅም።

ጡጫው የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1921 ቦክስ በሕግ ተፈቀደ። በኔግሮስ ደሴት፣ ኢሎግ በምትባል ከተማ በ1901 የተወለደ ፍራንሲስኮ ጊሌዶ የሚባል ድሃ ልጅ ነበር። በኢሎኢሎ ከተማ ጫማ እየጠረገ ይኖር ነበር፤ ሊስትሮ ማለት ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት አይበልጥም። ወደ ማኒላ ሄዶ ፓንቾ ቪላ በሚል ስም ይቧቀስ ጀመር። በ1922 አሜሪካዊ አስተዳዳሪው ባሕር አሻገረው። ሰኔ 18 ቀን 1923 በኒው ዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም ከዌልሳዊው ጂሚ ዋይልድ ጋር ተገጣጠመ። ዋይልድ በዘመኑ የሚፈራ የዓለም ሻምፒዮን ነው። በሰባተኛው ዙር ቪላ ዘረረው። ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን እሱ ሆነ።

እስቲ ያን ቀን አስቡት። ፊሊፒንስ በዚያን ጊዜ ነፃ አገር አይደለችም፤ ነፃነቷን ያገኘችው በ1946 ነው። በካሊፎርኒያ እርሻ ላይ ጎንበስ ብለው የሚለቅሙ ፊሊፒናውያን ወዛደሮች ነበሩ፤ በከተማው ሰው የሚናቁ። ያ አጭር ልጅ ቀለበት ውስጥ ገብቶ በሚሊዮኖች የሚታወቅ ሻምፒዮን ሲጥል፣ እነሱ ምን እንደተሰማቸው መናገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። ቦክስ ለዚህ ሕዝብ ምን እንደሆነ የሚገባኝ ከዚያ ቀን ተነስቼ ሳስብ ነው።

መጨረሻው ግን ልብ ይሰብራል። በሐምሌ 1925 ቪላ ጥርሱን አሞት፣ መንጋጋው አብጦ ነበር። እንደዚያ ሆኖ ሐምሌ 4 ቀን ከጂሚ ማክላርኒን ጋር ገጠመ፤ ተሸነፈ፤ ቀበቶው ግን የተያዘበት ግጥሚያ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥርሶቹን አስነቀለ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ጉሮሮው ወረደ። በአሥረኛው ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 23 ነበር፤ ቀበቶውን ማንም ሳይነጥቀው ነው የሞተው።

ከእሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ ብቆጥር ይመሽብኛል። በ1939 የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን የሆነው ሴፌሪኖ ጋርሲያ አለ። ጋብሪኤል ኤሎርዴም አለ፤ መጋቢት 16 ቀን 1960 የማኒላው አራኔታ ኮሊሲየም የተመረቀው በእሱ ግጥሚያ ነው፤ በሰባተኛው ዙር ተቀናቃኙን ዘርሮ ቀበቶውን ሰባት ዓመት ያዘው።

አራኔታ ካልሁ አይቀር 1975ን ልንገራችሁ። በሚያዝያ ወር የፊሊፒንስ ቅርጫት ኳስ ማኅበር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን እዚያ አደረገ፤ በእስያ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ ነው። ጥቅምት 1 ቀን ደግሞ መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተጋጩ። ለአሜሪካ ቴሌቪዥን እንዲመች በጠዋት ነው የተካሄደው፤ ሙቀቱ ሰው የሚያቃጥል ነበር። ከአሥራ አራተኛው ዙር በኋላ የፍሬዚየር አሰልጣኝ ኤዲ ፈች በቃ ብሎ አስቆመው። ዓለም ያን ቀን ያወራል። ማኒላ ግን ከዚያ ወዲያም ያንን አዳራሽ የሞላችው ለቅርጫት ኳስ ነው፤ ከቡድኖቹ ቶዮታ ይሻላል ክሪስፓ ይሻላል እያሉ ቤተሰብ ለሁለት የተከፈለበት ዘመን ነበር።

ከዚያ ማኒ መጣ። በ1978 በሚንዳናዎ ደሴት የተወለደ፣ ጎዳና ላይ ዶናት እየሸጠ እናቱን ያገዘ ልጅ። በአሥራ አራት ዓመቱ ሳይሰናበት ከቤት ወጥቶ በመርከብ ማኒላ ገባ። በቀን ሠራተኝነት ግንባታ ላይ ዋለ፤ ማታ ማታ ጡጫ ተለማመደ። በ1995 የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ግጥሚያ ሲያደርግ ኪሎው ስላልሞላ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ክብደት እንደጨመረ ራሱ ተናግሯል። ኪሎ ያልሞላለት ያ ልጅ በ1998 ታይላንድ ውስጥ በ50.8 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2008 ከሱ በጣም የሚረዝመውን ኦስካር ዴ ላ ሆያን ስምንት ዙር ደብድቦ ከበርጩማው እንዳይነሳ አደረገው። በ2010 በ69.8 ኪሎ ምድብ ቀበቶ ሲያጠልቅ በስምንት የክብደት ምድቦች ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቁመቱ 166 ሳንቲ ሜትር ነው።

ቁመቱን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊሊፒናዊ ወንድ በአማካይ 163 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቅርጫት ኳስ ረጅም ሰው ይመርጣል፤ ቦክስ ግን ሰውን በኪሎ ይመድባል፤ ትንሹ ከትንሹ ጋር ይገጥማል። ነገሩን ስመዝነው ይህ ሕዝብ የሚወደው ያልተሠራለትን ጨዋታ ነው፤ የሚያሸንፈው በተሠራለት ነው። የኦሎምፒኩን መዝገብ እዩት። እስከ 2024 ፓሪስ ድረስ ፊሊፒንስ 18 ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ከእነዚህ 10ሩ የቦክስ ናቸው። ከቅርጫት ኳስ አንድም የለም፤ ቡድኑ ኦሎምፒክ ከተሳተፈ ከ1972 ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ሦስቱ ወርቆች ከሌላ ነው የመጡት፦ አንዱ የሂዲሊን ዲያዝ ክብደት ማንሳት፣ ሁለቱ የካርሎስ ዩሎ ጅምናስቲክ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነሐሴ 25 ቀን 2023 የዓለም ዋንጫ ማኒላ አቅራቢያ ሲከፈት 38,115 ሰው ለቅርጫት ኳስ ገባ፤ በውድድሩ ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። ፊሊፒንስ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተሸነፈች። ሰዉ በሚቀጥለው ጨዋታም መጣ።

ለቦክስ እንዲህ አይደለም። ለቦክስ ያለው ፍቅር ለሰውየው ነው። በኅዳር 2013 ሃይያን የተባለው አውሎ ነፋስ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ጨርሶ፣ ታክሎባንን ፍርስራሽ አድርጓት ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ እንዳለፈ ፓኪያው ማካዎ ላይ ከብራንደን ሪዮስ ጋር ገጠመ። በታክሎባን ፍርስራሽ መካከል ስክሪን ተተከለ፤ ሁሉን ያጡ ሰዎች ቆመው ጮኹለት። አሸነፈ። እንዲህ ያለ ነገር ለአንድ ስፖርት አይደረግም፤ ለአንድ ልጅ ነው የሚደረገው። ሜልቪን ሄሩሳሌም በ2024 ጃፓን ድረስ ሄዶ የዓለም ቀበቶ አምጥቷል፤ ለእሱ ሲባል ማኒላ ጭር አለች ሲባል አልሰማሁም።

ፓኪያው ራሱም ልቡ ያለው ቅርጫት ኳሱ ላይ ነው። በ2014 ከዓለም ታላላቅ ቦክሰኞች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በ35 ዓመቱ ኪያ ለሚባል ቡድን አሰልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ በቅርጫት ኳስ ሊጉ ገባ። በመጀመሪያው ጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ሮጦ ያለ ነጥብ ወጣ። ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በ2017 ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ ቡድኖች ያሉት የራሱን ሊግ መሠረተ፤ የቅርጫት ኳስ ሊግ።

እኔን የሚያሳስበኝ በእሁዶቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ካርሎ ፓላም በካጋያን ዴ ኦሮ ከቆሻሻ ክምር ላይ እየለቀመ ያደገ ልጅ ነው፤ በቶኪዮው ኦሎምፒክ በቦክስ የብር ሜዳሊያ አመጣ። ኔስቲ ፔቴሲዮ በዚያው ውድድር ብር፣ በፓሪስ ነሐስ አመጣች፤ አይራ ቪሌጋስም ነሐስ። የጠገበ አባት ልጁን ኳስ ሜዳ ይልካል፤ ቦክስ ቤቱን የሚሞላው የተራበው ነው። ከ2015 ወዲህ ሕጉ ለወርቅ 10 ሚሊዮን፣ ለብር 5 ሚሊዮን፣ ለነሐስ 2 ሚሊዮን ፔሶ እንዲሰጥ ያዛል፤ መልካም ነው። ገንዘቡ ግን የሚመጣው ከሜዳሊያው በኋላ ነው። ሜዳሊያ ሳያመጣ ፊቱ የተበላሸ ልጅ ቁጥሩ ስንት ነው?

ሜዳሊያ ያመጣውም ቢሆን። ማንሱዌቶ ቬላስኮ፣ ሕዝቡ ኦንዮክ የሚለው፣ በ1996 አትላንታ ላይ በቦክስ የብር ሜዳሊያ አገኘ። አገር ነቅሎ ወጥቶ ተቀበለው፤ ገንዘብም ቤትም ተብሎ ቃል ተገባለት። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥን ኮሜዲ እየሠራ ኖረ፤ ከተገባለት ቃል ብዙው እንዳልደረሰው ለዓመታት ተናገረ። በ2021 የቶኪዮ ባለ ሜዳሊያዎች ሲሸለሙ ስሙ እንደገና ተነሳና ፕሬዝዳንት ዱቴርቴ 500 ሺህ ፔሶ ሰጡት። ሃያ አምስት ዓመት አልፎ፣ ቬላስኮ 47 ዓመት ሞልቶት ነበር።