ይቅር ባይ መኪና የሸሸገው ስሕተት፤ የአድራሻ ወሰን ታሪክ ከሲስተም 360 እስከ ኤስኤስዲ

የኮምፒዩተር ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የፍጥነትና የመጠን ዕድገት ነው። መረጃ በሚሞሪ ውስጥ ከየትኛው አድራሻ ይጀምር የሚለው ጥያቄ ግን፣ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ ሰዎች ያስቀመጡት ጽሑፍ በደኅና መገኘቱን የሚወስን ነው። በዚህ አጭር ጥናት ለማስረዳት የምንሞክረው፣ በኤስኤስዲ ድራይቨሮች ላይ የሚታየው የአድራሻ ወሰን ስሕተት ከቀድሞ መኪናዎች ይቅር ባይነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው።

አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ያስታወቀው ሲስተም 360 በዚህ ረገድ ጥብቅ ነበር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ባለ 4 ባይት ቍጥር ለ4 በሚካፈል አድራሻ፣ ባለ 8 ባይትም ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ መጀመር ነበረበት። ወሰኑ ቢጣስ መኪናው ትእዛዙን አቋርጦ ስሕተቱን ያስታውቃል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሚሞሪ የሚነበበው በተወሰነ ስፋት ስለ ሆነ፣ ወሰን ላይ የተንጠለጠለ ቍጥር ሁለት ጊዜ መነበብ ይኖርበታል።

በ1970 የመጣው ሲስተም 370 ይህን ግዴታ ለአብዛኞቹ ተራ ትእዛዞች አላላው። በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ደግሞ ባለ 2 ባይት ቍጥር ከጎዶሎ አድራሻ ሲጠየቅ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያመጣዋል። በ1979 የወጣው የሞቶሮላ 68000 ግን አይሆንም ብሎ ይቆማል። ከእነዚህ ሁለት መንገዶች በግል ኮምፒዩተሮች ላይ ይበልጥ የተስፋፋው የ8086 ዘር ነው፤ ስለዚህ ወሰን ያልጠበቀ ፕሮግራም በዝግታም ቢሆን ይሠራ ነበር።

ዕዳው የተጠየቀው በሌላ በር ነው። በቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካና ባልደረቦቻቸው በ1987 ያቀረቡት ናንድ ፍላሽ ለኤስኤስዲ መሠረት ሆነ፤ በ2011ም ኤስኤስዲና ኮምፒዩተር የሚነጋገሩበት የኤንቪኤምኢ ደንብ የመጀመሪያ እትም ወጣ። በዚህ ደንብ ሚሞሪውን የሚያነበው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ኤስኤስዲው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የፕሮሰሰሩ ይቅር ባይነት አይረዳም። ድራይቨሩ መረጃው ያለበትን ቦታ በአድራሻ ሲገልጽ፣ ከገጽ መካከል መነሣት የሚችለው የመጀመሪያው አድራሻ ብቻ ነው፤ የቀሩት ከገጽ መጀመሪያ መነሣት አለባቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። ገጹ 4096 ባይት ቢሆን፣ መረጃውም ከአድራሻ 6144 ተነሥቶ 8192 ባይት ቢረዝም፣ የሚነካው ሦስት ገጾችን ነው። ርዝመቱን ለገጹ ብቻ አካፍሎ 2 የሚል ድራይቨር ሁለት አድራሻ ይሰጣል። ኤስኤስዲው ግን ከመነሻውና ከርዝመቱ ሦስት እንደሚያስፈልጉ ስለሚያውቅ፣ ሁለተኛውን የአድራሻዎች ዝርዝር ያለበት ቦታ አድርጎ ይወስደዋል፤ በዚያ ያለውንም የተጠቃሚ መረጃ እንደ አድራሻ ያነበዋል። መረጃው ከገጽ ወሰን በሚነሣበት ፈተና ሁሉ ይህ ስሕተት አይታይም።

ሌላውም ስሕተት በካሽ ላይ ይደርሳል። ከኤስኤስዲ የሚመጣው መረጃ የሚያርፍበት ቦታ አንዱን የካሽ ረድፍ ከሌላ መረጃ ጋር ቢጋራ፣ ፕሮሰሰሩ አሮጌውን ረድፍ መልሶ በመጻፍ አዲሱን ሊያጠፋው ይችላል። በኢንቴል ዘር መኪናዎች ካሹንና ሚሞሪውን የሚያስማማው መኪናው ራሱ ነው፤ በብዙ አነስተኛ የአርም መኪናዎች ግን ኀላፊነቱ የድራይቨሩ ነው።

መድኀኒቱን በተመለከተ፣ ማናቸውንም መረጃ አስቀድሞ ወሰን ወደ ጠበቀ ቦታ መገልበጥ ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህ መረጃውን ያድናል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈጃል፣ የስሕተቱንም ምንጭ እንደገና ይሸሽገዋል። የሚሻለው ቦታው በሚመደብበት ሰዓት ወሰኑን መጠበቅ፣ የገጾቹን ቍጥር ከመነሻው ጭምር ማስላት፣ ያልተስተካከለውንም ጥያቄ በበሩ ላይ መመለስ ነው። በ2022 የወጣው ሊኑክስ 6.1 ፕሮግራሞች በፋይል ላይ በቀጥታ ለመጻፍና ለማንበብ የሚያስፈልገውን ወሰን ሲስተሙን ጠይቀው እንዲያውቁ መንገድ ከፍቷል። ግምትን በጥያቄ መተካት ትልቅ እርምጃ ነው።

እንግዲህ የ1964ቱ መኪና ጥብቅነት እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ ሊቈጠር አይገባውም። የሚቆም መኪና ስሕተቱን ለሠራው ሰው በዕለቱ ያሳየዋል፤ ይቅር የሚል መኪና ግን ዕዳውን ከዓመታት በኋላ ስለ ነገሩ ምንም ለማያውቅ የመረጃ ባለቤት ያስተላልፈዋል።