ደንን በኅብረት ስለ መጠበቅ

የአገራችን ሰው፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል። ይህ ቃል በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት በሐዋይ ደሴቶች እንዴት በሥራ እንደ ታየ ለወጣት አንባቢዎቼ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ዘመኑን የምጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሐዋይ ነባር ሕዝብ ውሃን «ዋይ» ይለዋል፤ ሀብትን ግን «ዋይዋይ» ይለዋል። ምድሩንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ከተራራው ጫፍ እስከ ባሕሩ ዳር ቁልቁል ነበር፤ እንዲህ ያለው ክፍል «አሁፑአአ» ይባላል። ስለዚህ የላይኛው ሰው ያበላሸው ውሃ በታችኛው ሰው የጎደሬ ማሳ ላይ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ቦዩን በመቆፈርና በመጥረግ የደከመም ሰው እንደ ድካሙ መጠን የውሃ ድርሻ ያገኝ ነበር።

በ1793 ቫንኩቨር የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ለንጉሥ ካሜሃሜሃ ከብቶችን በስጦታ አመጣለት። ንጉሡም እንዲራቡ ብሎ ማንም እንዳይነካቸው ከለከለ። ከብቶቹ በዝተው ዱር ገቡ። በእነዚያ ደሴቶች ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ ሣር የሚግጥ ባለ ሰኮና እንስሳ ስላልነበረ፥ ከነባሮቹ ዕፀዋት ብዙዎቹ የሚከላከሉበት እሾህ እንኳ የላቸውም። ከብቱና ፍየሉ ቡቃያውን በላው፤ እሪያውም ሥሩን ማሰው።

በመምህርነት ዘመኔ ተማሪዎቼ፥ «ደን ውሃን እንዴት ያጠራቅማል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። መልሱ በማዊ ደሴት በሐሌአካላ ተራራ ላይ በግልጥ ይታያል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደመናውን ወደ ተራራው ይገፋዋል፤ ጉሙም ኦሂአ በሚባለው ዛፍ ቅጠልና በግንዱ ሽበት ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወርዳል። ከዛፉ በታች ያለው ቍጥቋጦ ዝናቡን በዝግታ ወደ መሬት ያሰርገዋል፤ ቆይቶም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከብት የረገጠው ራቁት መሬት ግን ዝናቡን ጎርፍ ያደርገዋል። ጎርፉም አፈሩን ይዞ ወደ ባሕር ይገባል፤ ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ ይጎድላል።

ይህን ጉዳት አይቶ የንጉሥ ካላካዋ መንግሥት በ1876 ደንን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ደሴቶቹ በ1898 ወደ አሜሪካ ከተጠቃለሉ በኋላም፥ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ወንዞቹ እንዳይደርቁባቸው ሠግተው መንግሥትን ስለ ለመኑ፥ በ1903 የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የመንግሥቱም የግለሰቡም ተራራ በአንድነት ተከለለ፤ አጥር ታጠረ፤ ዛፍ ተተከለ።

ነገር ግን እውነቱ ሁሉ ይነገር። እነዚያ ባለ እርሻዎች ከ1870ዎቹ ጀምረው በምሥራቅ ማዊ ቦይ እየቆፈሩ፥ የተራራውን ውሃ ወደ ደረቁ ሜዳቸው ይወስዱት ነበር። በወንዙ ዳር ጎደሬ የሚተክለው ነባር ሕዝብ ባዶ የወንዝ ድንጋይ ቀረው። ደኑ በኅብረት ተጠበቀ፤ ውሃው ግን በትክክል አልተከፈለም።

በ1991 በዚያው በምሥራቅ ማዊ መንግሥት፥ የከብት እርባታ ባለቤቶች፥ የመስኖ ኩባንያና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ወደ 100,000 ኤከር የሚሆነውን ደን አብረው ለመጠበቅ ተስማሙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እሪያ የርስት ወሰን አያውቅም፤ የአረም ዘርም የባለቤትነት ወረቀት አይጠይቅም። አንዱ አጥሮ ጎረቤቱ ቢከፍት የአንዱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ርስቱን እንደ ያዘ፥ አጥሩን በአንድ መሥመር ያጥራሉ፤ አረሙን በአንድነት ይነቅላሉ። እሪያ ማደን ለቤተሰባቸው ሥጋ የሆነላቸው አዳኞች አጥሩን ተቃውመዋል፤ እነርሱንም መስማት የኅብረቱ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ምሳሌውን ሌሎቹም ደሴቶች ተከተሉት።

የውሃው ክርክር ግን ገና አላለቀም ነበር። በማዊ የቀረው የመጨረሻው ታላቅ የሸንኮራ እርሻ በ2016 ተዘጋ። በ2018 የሐዋይ የውሃ ኮሚሲዮን ጎደሬ ይለማባቸው የነበሩ 10 ወንዞች እንደ ቀድሞው እንዲለቀቁ ወሰነ። ይህም የሆነው ገበሬዎቹ ለብዙ ዓመታት አቤት ስላሉ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተማሩ። የመጀመሪያው፥ የጋራ የሆነውን ነገር ማንም ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። ሁለተኛው፥ መጠበቅ ብቻውን የጽድቅ ሥራ አይደለም፤ ሌባም የሚሰርቀውን ከብት ከጅብ ይጠብቃል። በሚጠበቀው ነገር ላይ ደካማው ድርሻውን ሲያገኝ ነው ጥበቃው ጥበቃ የሚባለው። ነገ በአንድ ማኅበር ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ሹመት ስታገኙ፥ «አጥሩ ታጥሯልን?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፥ «ከታች ላለው ሰው ውሃው ደርሶታልን?» ብላችሁ ደግሞ ጠይቁ።