አበበ ሦስት ትውልድ ይኖራል፤ አበበችስ?

ፊደል ስንቆጥር መጀመሪያ ከተዋወቅናቸው ሰዎች አንዱ አበበ ነው። አዎ፣ ያ በሶ የሚበላው! በቀልዶቻችን ውስጥ አለ፣ በሒሳብ ጥያቄ ውስጥ ብርቱካን ይገዛል፣ ‹‹አቤ›› ብለን ስንጣራ ግማሽ ሰፈር ዞር ይላል። ስሙን ከመልመዳችን የተነሳ ምን እንደሚል መስማት ትተናል። እስቲ ዛሬ እንስማው።

አበበ ሰው ከመሆኑ በፊት ግሥ ነው። ዛፉ አበበ፣ ሜዳው አበበ እንላለን። ሴት ስትሆን አበበች። ከበደ፣ ታደሰ፣ አየለ፣ ተሾመ ከሚባሉት ጋር አንድ ወገን ነው፤ ስሙ ለብቻው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ፈረንጆቹ ልጃቸውን ሮዝ ወይም ሊሊ ሲሏት የአበባውን ውበት እያሰቡ ነው፤ ስሙም የሴት ነው። እኛ ጋ ግን አበባ ወንዱንም ይመለከታል። የግዕዙ ጽጌም እንዲሁ ወንድ ሴት ሳይል ይወጣል። (በነገራችን ላይ ጸጋዬ ከአበባ ወገን አይደለም። ጽጌ አበባ ነው፣ ጸጋ ስጦታ ነው። ብዙዎቻችን እናምታታቸዋለን።)

ለምን ወንዱንም? ስሙ ስለ መልክ ሳይሆን ስለ ወቅት ስለሚናገር ይመስለናል። ይህን ለማየት መስከረም ላይ እምድብር መሄድ ነው። ከወልቂጤ አለፍ ብላ የምትገኘው ይህች የቸሃ ከተማ ክረምቱን በዝናብና በጭቃ ታሳልፋለች። መስቀል ሲደርስ ግን ከመርካቶም ከሌላም ከተማ ልጆቿ ይጎርፋሉ፤ ክትፎው ይዘጋጃል፤ ከእንሰቱ ማዶ ሜዳው በአደይ ቢጫ ይሆናል። በዚያ ሰሞን ‹‹አበበ›› ማለት ‹‹አማረ›› ማለት ብቻ አይደለም፤ ‹‹ክረምቱ አለፈ፣ ደረስን›› ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን ቀናት ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ለተቆረቆረችው ከተማ ‹‹አዲስ አበባ›› ሲሉ ቃሉ የአገር ዋና ከተማ ስም ሆነ። ከእምድብርና ከአካባቢዋ የወጡ የጉራጌ ልጆች ደግሞ ጉልበታቸውንና ንግዳቸውን ይዘው እዚያው ከተማ ከተሙ። ከአገር ቤቱ ስም ጎን በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት የወጣ የአማርኛ ስም መያዝም እንግዳ ነገር አልነበረም። የአካባቢው ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ የታተመው ታሪክ ባለታሪኩን ሽኔጋ ይለዋል። ዛሬ በከተማ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ሽኔጋ የሚባል ሰምታችኋል? አበበን ግን ሰምታችኋል።

ለአበበ ዝና ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሯጩ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! አደይ በሚፈነዳበት ሰሞን አበበ አበበ። አራት ዓመት ቆይቶ ቶኪዮ ላይ የደገመው ደግሞ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘመነ ጽጌ መሐል ነው። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ። ያው ስም ሐዘንም አይቷል። ከሮም ድል ሦስት ወር በኋላ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ ተገደሉ።

አሁን ወደ መታወቂያችን እንምጣ። ዛሬ ሕፃኑን አበበ የሚል ወላጅ ብዙም አይገጥመንም። በእኛ ዕድሜ አበበን የምናገኘው የአባት ስም ሆኖ ነው፤ በታናናሾቻችን ዘንድ ደግሞ ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ አያት ሆኖ። ከዚያ ይወድቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም ሕዝቡ በስም፣ በአባት፣ በአያት ቀጠለ። ስለዚህ አንድ አበበ ሦስት ትውልድ ይኖራል። ለአበባ መጥፎ ዕድሜ አይደለም።

አበበችስ? አንድ ትውልድ ብቻ! እሷ አምጣ ብትወልድም፣ ጉሊት ተቀምጣ ብታሳድግም፣ ኮሌጅ ብታስተምርም ከልጇ ስም ኋላ የሚከተለው ስሟ አይደለም። እሷ ስታልፍ ስሙም አብሯት ያልፋል። በጉራጌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሴቶች የጋብቻ መብት ተከራክራ የአገር ሽማግሌዎችን ያስጨነቀችውን ጀግና እንኳ የምናስታውሳት በአባቷ ነው፤ የቃቄ ወርድወት። የእናቷን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከዚህ ዕጣ ያመለጠች አንዲት አበበች አለች። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከወሎ ረሃብ መሐል ወላጅ አልባ ሕፃናትን ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን የደገፈ ድርጅት አቋቋሙ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያዘነላቸው በራሳቸው ስም ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ስማቸውን ያቆየው ድርጅታቸው ነው። ድርጅት ያላቋቋመችው አበበችስ?

አሁን አሁን አደይ የምትባል ሕፃን እየሰማን ነው፤ ደስ ይላል። አበባው ልብሱን ቀይሮ መጣ እንላለን። ነገር ግን አደይም አድጋ ስትወልድ ያው ጥያቄ ይጠብቃታል።

ሕግ ይቀየር ብለን ሰልፍ አንወጣም። ከአያት በፊት ለእናት ቦታ ይሰጥ የሚል ካለ ግን በደስታ እንከራከራለን። እስከዚያው አንድ ነገር እንለምናችሁ፤ የመጪው መስቀል ሰሞን አገር ቤት ስትገቡ የእናታችሁን እናት ስም፣ የእሷንም እናት ስም ጠይቁና ጻፉት። አበበች ከሆነች ቶሎ በሉ፤ አበባ ቶሎ ይረግፋል።