አውሬው፣ ቁጥሩ እና የዘገየው ዝናብ

ዘመኑን ኬንያውያን እንደሚቆጥሩት ልቁጠርላችሁና 2019 ነበር፤ ወሩም ኤፕሪል፣ እኛ መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ገባ የምንልበት። ናይሮቢ በዚያ ወር ዝናብ ትጠብቃለች፤ የዚያን ዓመት ግን ዝናቡ ዘገየ፤ ጠዋት ጠዋት ደመናው በንጎንግ ኮረብታዎች በኩል ይከማችና ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ደመናው ይበተናል፣ ጃንጥላውም እንደተጠቀለለ በብብት ሥር ሆኖ ወደ ቤት ይመለሳል። በዚያ ሰሞን ነው መንግሥት የአገሩን ነዋሪ ሁሉ በአንድ መዝገብ ላስፍር ብሎ የተነሣው፤ ስሙንም ሁዱማ ናምባ፣ የአገልግሎት ቁጥር፣ አለው፤ መዝጋቢዎቹም ታብሌታቸውን ይዘው በየሰፈሩ ተቀመጡ፤ ሰውም ተሰለፈና ስሙን ያስጽፍ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የጣቱን አሻራ ይሰጥ ጀመር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምዝገባው ሊጀመር ሲል ማንም ሊገደድ አይገባም ብሎ ነበር፤ ከሰልፉ መሀል የሚሄደው ሹክሹክታ ግን የፍርድ ቤት ነገር አልነበረም። ይህ ቁጥር በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 የተነገረው የአውሬው ምልክት ይሆን እንዴ፣ የሚል ነበር።

ከሰፈራችን ከኢስሊ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ተሳፍራችሁ መሀል ከተማ ወርዳችሁ ጥቂት በእግር ብትሄዱ ጂቫንጂ ጋርደንስን ታገኛላችሁ። ነጋዴው ጂቫንጂ በ1906 ለከተማው ሕዝብ ያቆመው መናፈሻ ነው፤ በምሳ ሰዓት የቢሮ ሠራተኛው፣ ሥራ ፈላጊውና መንገድ የደከመው ሁሉ እዚያ አረፍ ሲል ሰባኪዎች ቆመው ይሰብካሉ፤ አንዱ በስዋሂሊ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ እያንዳንዱም በዙሪያው ክብ ሠርቶ የቆመ ሰው አለው። የዚያን ወር ስብከቱ አውሬው ነበር፤ ሰባት ራስ፣ አሥር ቀንድ፣ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት። እኔም ቆሜ ሰማሁ፤ አንዲት አሮጊት የሰባኪውን ድምፅ እየሰማች ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ስትሸፍን አየሁ፤ ያቺ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ከዚያ ወደ ኢስሊ ተመለስኩና የእኛ ሰዎች ቡና አፍልተው ተቀምጠው ደረስኩ። እዚያው ናይሮቢ ተወልዳ የኬንያ መታወቂያ ያወጣች፣ በጴንጤዎቹ ቤት ያደገች ልጅ ነበረች፤ በአብነት ትምህርት ቤት ያረጁ፣ አንድም እያሉ ትርጓሜ የሚሰጡ አባት ነበሩ፤ አድቬንቲስት ጎረቤታችን ነበረ፤ በካረን በኩል ካሉት የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚማር ወጣትም ነበረ። ልጅቷም ሲኒውን እያቀበለች፣ «አባባ፣ አሻራዬን ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?» አለቻቸው። በእርሷ ቤት የተማረችው ይህ ሁሉ ገና ወደፊት የሚመጣ ነው፤ አንድ ገዥ ይነሣል፣ ያለ ቁጥሩም ማንም አይገዛም አይሸጥም፤ እንግዲህ መንግሥት ቁጥር ውሰዱ ሲል ብትደነግጥ ማን ይፈርድባታል?

አድቬንቲስቱ ቀደመና፣ «እኅቴ፣ በዚህስ አትጨነቂ» አላት። የእርሱ ቤተ ክርስቲያን በዚያው በ1906 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ጌንዲያ ላይ ሥር ከሰደደች ወዲህ የምታስተምረው ሌላ ነው፤ በዳንኤል ምዕራፍ 7 ያሉት አራዊት በተርታ ያለፉ መንግሥታት ናቸው፤ አንበሳው ባቢሎን፣ ድቡ ሜዶንና ፋርስ፣ ነብሩ ግሪክ፣ አስፈሪው ሮም፤ የአንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳውም ቀን ዓመት ሆኖ ከ538 ተነሥቶ የፈረንሳይ ጦር የሮሙን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እስከማረከበት እስከ 1798 ይዘልቃል፤ ምልክቱም በመጨረሻው ዘመን ሰው በየትኛው ቀን እንዲያመልክ ከሚገደድበት ነገር ጋር የተያያዘ እንጂ መታወቂያ ወረቀት አይደለም። ተማሪው ደግሞ ወደ ኋላ መለሰንና፣ የኔሮን ቄሣር ስም በዕብራይስጥ ፊደል ሲቆጠር ያው ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ይመጣል፣ በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ቁጥሩ ስድስት መቶ አሥራ ስድስት ሆኖ የተገኘውም ያው ስም በሌላ አጻጻፍ ሲቆጠር ነው፣ ስለዚህ ዮሐንስ በዘመኑ ለሚሰደዱት ክርስቲያኖች የጻፈው ነው አለ።

አባባ እስከ ቶናው ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያም ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6ን አንብበሻል? የእግዚአብሔር ሕግ በእጅ ይታሰር፣ በዓይኖችም መካከል ይሁን ተብሏል። በራእዩም ምዕራፍ 14 የበጉ ስም በግንባራቸው የተጻፈ አሉ። የበጉን ስም በቀለም ታተመ የሚል ሰው ሰምተሻል?» አሏት። «ኧረ አልሰማሁም አባባ» አለች። «ግንባር ሐሳብ ነው፣ እጅም ሥራ ነው። በሐሳብሽና በሥራሽ ለማን እንደምትገዢ ጠይቂ» አሏትና ጥቂት ቆይተው በዚያው ራእይ በዙፋኑ ዙሪያ ስላሉት ስለ አርባዕቱ እንስሳ አወሩን። ኅዳር 8 ቀን የምናከብራቸው ናቸው፤ እኛ ገጸ ሰብእን ለማቴዎስ፣ ገጸ አንበሳን ለማርቆስ፣ ገጸ ላህምን ለሉቃስ፣ ገጸ ንስርን ለዮሐንስ እንሰጣለን፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሬኔዎስ ግን አንበሳውን ለዮሐንስ፣ ንስሩን ለማርቆስ ሰጠ፤ አውግስጢኖስ ደግሞ አንበሳውን ለማቴዎስ፣ ሰውየውን ለማርቆስ። ወንጌሉ አራት መሆኑንና ጌታው አንድ መሆኑን ግን ሁሉም ያዙ።

ልጅቷም በማግስቱ ሄደች፣ ተሰለፈች፣ አሻራዋን ሰጠች።

እኔ ግን የዚያች አሮጊት እጅ አላስተኛ አለኝና የነገረ መለኮት ምሁሩን ጆን ምቢቲን አሰብኩ። ምቢቲ በ1931 በኪቱይ አካባቢ የተወለደ የካምባ ልጅ ነው፤ ካምብሪጅ ድረስ ሄዶ ተማረ፣ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍም የገዛ ሕዝቡን ነገር ጻፈ። ሚሲዮናውያኑ ወደ ካምባ ምድር መጡ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ከተማይቱ፣ ስለ ሰማያዊው ሀብትና ስለ ማዕዱ ሰበኩ፣ ምሳሌውን ግን እንደ ምሳሌ አላስተማሩም፤ ሕዝቡም እሳቱን እንደ ምድጃ እሳት፣ ከተማይቱንም ረኃብ እንደሌለበት አገር አድርጎ ጠበቀ። ደግሞም ምቢቲ በካምባ ቋንቋ ስለ ወደፊቱ የሚነገረው ግሥ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት እንጂ ከዚያ አያልፍም ብሎ ተከራከረ፤ እንግዲህ ቶሎ ይመጣል የተባለ ሰው የዘንድሮን መኸር ትቶ ቢጠብቅ ምን ይደንቃል? በናይሮቢ የአፍሪካ ወንጌላውያንን ኅብረት ይመራ የነበረው ናይጄሪያዊው ባያንግ ካቶ በ1975 በጻፈው መጽሐፍ ምቢቲን አጥብቆ ሞገተው፤ ምሳሌ ነው ምሳሌ ነው እየተባለ የተስፋው ቃል እንዳይሟሟ ፈርቶ ነው፣ ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። እኔ ግን ወደ ምቢቲ አደላለሁ፤ ምሳሌን ያላስተማረ አስተማሪ ለሰሚው ፍርሃትን ብቻ ትቶለት ይሄዳልና። ምቢቲ በእርጅናው አዲስ ኪዳንን ከግሪኩ ወደ ካምባ ቋንቋ መልሶ በ2014 አሳተመ፤ በዚያው በቁጥሩ ምዝገባ ዓመት፣ በ2019 ኦክቶበር፣ በስዊዘርላንድ አረፈ።

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ። በዚያው በ2019 በባሕሩ ዳርቻ በማሊንዲ ፖል ማኬንዚ የሚባል ሰባኪ ሁዱማ ናምባን የአውሬው ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋ፣ ተከታዮቹም ንብረታቸውን እየሸጡ፣ ልጆቻቸውን እየያዙ ሻካሆላ ወደሚባለው ጫካ ተከትለውት ገቡ፤ በጾም ጌታን እንገናኛለን ተባሉ። በኤፕሪል 2023 ፖሊስ ጫካውን ሲፈትሽ መቃብር ላይ መቃብር ተገኘ፤ አስከሬኑ ከ400 በላይ ሆነ፣ ብዙዎቹም ሕፃናት። ማኬንዚ ክሱን አልቀበልም ብሏል፤ ፍርዱ የፍርድ ቤቱ ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው፤ በኢስሊ ያቺ ልጅ ስትፈራ አባባ ነበሯት፣ የሚከራከራት ጎረቤት ነበራት፣ ኔሮን እያለ ወደ ኋላ የሚመልሳት ተማሪ ነበራት፤ በሻካሆላ ግን የአንዱ ሰው ትርጓሜ ብቻ ይሰማ ነበር፣ እነዚያ ሕፃናትም ማንንም ሊጠይቁ አልቻሉም። ቤተሰቦቻቸው በማሊንዲ ሬሳ ቤት ደጃፍ ለዲኤንኤ ምርመራ ናሙና እየሰጡ ወራት ቆጠሩ፤ የመጀመሪያዎቹን አስከሬኖች የተቀበሉት በማርች 2024 ነው፤ ከዚያም በኋላ ልጃቸው የት እንዳለ ሳይነገራቸው የቀሩ ብዙ ነበሩ።