የሕፃናት ዝምታና የተመራማሪዎች ምስክርነት

የሕፃን አካል ጤንነት በሚዛንና በሙቀት መለኪያ ሲመረመር፣ የስሜቱ ጤንነት ግን ለረጅም ዘመን በግምት ሲዳኝ ኖሯል። ግምቱ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት ያስረዳል።

በዚያን ጊዜ በአንዳንድ የለንደን ሆስፒታሎች ወላጆች የተኛ ልጃቸውን እንዲጠይቁ የሚፈቀድላቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሕፃኑ በመጀመሪያ አልቅሶ በኋላ ዝም ስለሚል፣ ሐኪሞችና አስታማሚዎች «ለምዷል» ይሉ ነበር። የወላጅ መምጣት ልቅሶውን እንደገና ስለሚቀሰቅስም ጥየቃው እንደ ጎጂ ነገር ይቆጠር ነበር።

ጄምስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1948 በታቪስቶክ ክሊኒክ ከዶክተር ጆን ቦውልቢ ጋር መሥራት ጀምሮ፣ ሆስፒታል የገቡ ሕፃናትን በቅርብ ተከታተለ። ከዚህም የተነሣ ሕፃኑ ሦስት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ ተገነዘበ፤ እነርሱም ተቃውሞ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ በመጨረሻም ስሜቱን ከእናቱ ማራቅ ናቸው። ስለዚህ ዝምታው የመልመድ ሳይሆን የኀዘን ምልክት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሮበርትሰን ይህን ለማስረዳት ለስምንት ቀን ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ሕፃን የሚያሳይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1952 ለሐኪሞች አቀረበ። ምስሉ ተመርጦ የተነሣ ነው እንዳይባልም የግድግዳው ሰዓት አብሮ እንዲታይ አድርጓል። ቢሆንም ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ፊልሙን በቁጣ ተቃወሙት።

ቦውልቢም እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ዘገባ፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም እርሷን ከሚተካ ሰው ጋር የጸና ፍቅር እንዲኖረው ለአእምሮ ጤንነቱ አስፈላጊ መሆኑን ገለጸ። ከእርሱ ጋር ትሠራ የነበረችው ሜሪ ኤይንስዎርዝ ደግሞ ወደ ኡጋንዳ ሄዳ፣ በካምፓላ አካባቢ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየጎበኘች አጠናች። ውጤቱን የያዘው መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። ማይክል ረተር ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት ሐሳቡን አረመ፤ ይኸውም ጉዳት የሚመጣው ከመለየት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሕፃንም ከእናቱ ሌላ ከአባቱና ከሌሎች አሳዳጊዎቹ ጋር ጽኑ ፍቅር ሊመሠርት እንደሚችል አመለከተ።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1959 የፕላት ኮሚቴ ዘገባ ወላጆች ያለ ገደብ ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በየሆስፒታሉ ሥራ ላይ እስኪውል ግን ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ከዚህ ታሪክ መምህራንም ሆኑ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚቀስሙት ትምህርት አለ። በክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ የመምህሩን ዓይን ሳይፈልግ ያገኛል፤ ከቤተ ሰቡ የተለየውና በዝምታ የሚቀመጠው ግን «ጨዋ» ተብሎ ይታለፋል። የሆስፒታሉ አስታማሚዎች የተሳሳቱት ጨካኞች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ጸጥታን ከደኅንነት ስለ ቈጠሩት ነው። እንግዲህ መምህር ተማሪው ዝም ማለቱን ብቻ ሳይሆን፣ ለምን ዝም እንዳለም ሊመረምር ይገባዋል።